ስለ አንዲት ትንሽ ጭረት

ብዙ ሰው የመኪና ቀለም ለጌጥ ብቻ የተቀባ ይመስለዋል። እኔም ቀድሞ እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ቀለም ለመኪና ከጌጥነቱ ይልቅ ልብስነቱ ይበልጣል፤ ይኸውም ብረቱን ከውሃና ከአየር የሚጋርድ ልብስ ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ የስንዴ ቅንጣት በምታህል ልጣጭ ምክንያት አንድ ልጅ ከበደልሁ በኋላ ነው። ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፥ ልጆችን ለሚያስተምሩና በሰው ጉዳይ ላይ ለሚፈርዱ አንባቢዎች ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ ስላሰብሁ እንደ ሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በ1998 ዓ.ም. ሥራዬ በሞጣ ማስተማር ነበር፤ እናቴ ግን የምትኖረው በቢቸና ነበር። ሁለቱ ከተሞች በምሥራቅ ጎጃም፥ በጮቄ ተራሮችና በዓባይ ሸለቆ መካከል፥ በአንድ መንገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ ይደርሳል። መንገዱ በዚያን ጊዜ ጠጠር ስለ ነበር በበጋ አቧራ፥ በክረምት ደግሞ የዋልካ ጭቃ አይታጣበትም ነበር። እናቴን ለመጠየቅ የምመላለሰው ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ባገዘኝ ገንዘብ በገዛኋት ነጭ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነበር። ከእኔ በፊት ሦስት ሰዎች ነድተዋት ነበር፤ ለእኔ ግን አዲስ ሙሽራ ነበረች። በመንገድ ሰው ሲያያት ደስ ይለኛል፤ ልጅ ሲነካት እቆጣለሁ።

በዚያው ዓመት ለቡሄ ቢቸና ወረድሁ። ሌሊቱን የጣለው ዶፍ ከመኪናዋ ላይ ጭቃውን አጥቦት አደረ። ጧት ከቤት ስወጣ የሰፈሩ ልጆች በእናቴ ደጅ ጅራፋቸውን ያጮኻሉ። በግራው የኋላ በር ታችኛ ጫፍ ላይ፥ ቀለሙ ተልጦ፥ ከልጣጩም አንድ ጣት የሚያህል ጭረት ተስቦ አየሁ። ከቦታው አጠገብ ጅራፉን ይዞ የቆመው የጎረቤታችን የአንዲት ባል የሞተባት ሴት ልጅ ነበር፤ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ቢሆን ነው።

«ይህን ያደረግህ አንተ ነህ?» አልሁት።

«አይደለሁም፥ ጋሼ» አለኝ።

«ታዲያ ማን ነው?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቈጠርሁበት። ዛሬ ሳስበው፥ ያላደረገ ልጅ ማን እንዳደረገው ከየት ሊያውቅ ይችላል? ዝም ከማለት በቀር ምን መልስ ነበረው? በልጣጩ መካከልም አንድ ቡናማ ነገር አይቼ ነበር፤ ጭቃ ነው ብዬ አለፍሁት። ጐንበስ ብዬ በጣቴ ብነካው ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር።

ድምፄን የሰማችው እናቱ ነጠላዋን እያጣፋች መጣች። ነገሩን ስነግራት አልተከራከረችኝም፤ መምህር ይዋሻል ብላ አልጠረጠረችምና። የገዛ ጅራፉን ከእጁ ነጥቃ በዚያው ገረፈችው። ከዚያም ከመቀነቷ ጫፍ የተቋጠረ ሃምሳ ብር ፈትታ «ለቀለሙ ትሁንልኝ፥ መምህር» አለችኝ። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ «ተው ልጄ፥ አትቀበል» አለች። እኔ ግን ገንዘቡን ሳልፈልገው ለልጁ ትምህርት ይሁነው ብዬ ተቀበልሁ። በማግሥቱ ወደ ሞጣ ተመለስሁ።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም 1999 ዓ.ም. ሲጠባ ጭረቱን ለማስጠገን አሰብሁ። የመኪናው ቀለም ቍጥር በሞተሩ ክፍል ባለች ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር፤ 040 ይላል፤ ይህም በቶዮታ መኪናዎች ዘንድ የታወቀ ነጭ ነው። ሁሉም ነጭ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ቍጥሩን ልኬ ከአዲስ አበባ በትንሽ ጣሳ አስመጣሁ። ይህን ይዤ በሞጣ ገበያ አጠገብ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ላሜራ ወደሚያቃኑና ቀለም ወደሚቀቡ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ሄድሁ። ሐሳቤ ቀለሙን በላዩ ላይ አስነክቼ በዚያው ሰዓት ለመመለስ ነበር።

ሽማግሌው ጣሳውን ተቀብለው ወደ ጎን አስቀመጡት። «መምህር፥ ቁስል ሳይታጠብ ይታሰራልን?» አሉኝ። ከዚያም ቦታውን በሳሙናና በውሃ አጥበው በጨርቅ አደረቁት፤ ጥፍራቸውንም በጭረቱ ላይ አግድም ሳቡት። ጥፍር ሳይዘው የሚያልፍ ጭረት ከላይ ብቻ ስለ ሆነ በማሻሻና በፖሊሽ ይጠፋል፤ ጥፍር የሚይዘው ግን ጠልቋልና ቀለም ይፈልጋል። የበሩ ጭረት ከጫፉ ላይ ጥፍራቸውን አሳለፈ፤ ከልጣጩ ሲደርሱ ግን ያዘው።

በብዙ መኪናዎች ላይ ከብረቱ ቀጥሎ ዝገት የሚከለክል ቅብ፥ በእርሱ ላይ መደልደያ፥ ከዚያ ቀለሙ፥ በመጨረሻም የሚያበራው ቨርኒሽ አለ፤ እንደኔ መኪና ባለው ተራ ነጭ ላይ ግን ቨርኒሹ ብዙ ጊዜ የለም። ይህ ሁሉ ልብስ ተደራርቦ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ ብዙ አይበልጥም። እንዲህ የሳሳ ነገር ከጎማ ሥር እንደ ወንጭፍ ድንጋይ በሚፈናጠር ጠጠር ቢላጥ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው በእኔ መኪና ላይ እስከዚያ ድረስ አንድ ብቻ መታየቱ ነበር።

ሽማግሌው በቀጭን መርፌ የልጣጩን ጠርዝ ጫር ጫር ሲያደርጉት፥ ደኅና የመሰለኝ ነጭ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ይወድቅ ጀመር። የስንዴ ቅንጣት ያህል የነበረችው ቦታ ባቄላ አከለች። ከሥሯም ቡናማ ቅርፊት ተገኘ፤ ቅርፊቱ ሲፋቅ ብረቱ በጥቃቅን ጉድጓድ ተበልቶ ነበር። ጭቃ ነው ብዬ ያለፍሁት ነገር ይህ ነበር።

«ይህ በስንት ቀን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ብረት ራቁቱን ካደረ በማግሥቱ ቀይ ይለብሳል፤ እርሱን በጨርቅ ብትወለውለው ይለቃል» አሉኝ። «እንዲህ ተቦርቡሮ በቀለሙ ሥር እስኪሄድ ግን ወራት ይፈልጋል። ይህማ ከአንድ ክረምት በላይ ውሃ ጠጥቷል።»

እኔ ከቢቸና ከተመለስሁ ገና አንድ ወር መሆኑ ነበር።

ሽማግሌው የነገሩኝ እውነት መሆኑን ትምህርትም ይመሰክራል። ብረት ውሃና አየር ሲያገኝ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከነበረው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ በላዩ ያለውን ቀለም እያነሣ ለውሃ አዲስ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ቁስሉ በውስጥ እየሰፋ ከላይ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ይህን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ! በገዛ ደጄ ግን ሳላየው አለፍሁ። ልጁን ከመጠየቄ በፊት ብረቱን ብጠይቀው ኖሮ፥ ብረቱ እውነቱን በነገረኝ ነበር።

ቀለሙን ቶሎ ቀብተው እንዲያሰናብቱኝ ለመንኋቸው፤ በዚያው ቀን ወደ ቢቸና ለመሄድ አስቤ ነበርና። እሳቸው ግን «ዝገት እያለበት የተቀባ ቀለም ውሸት ነው፤ ለመስቀል ያምራል፥ ለጥምቀት ያብጣል» ብለው ሥራቸውን አልተዉም። ጉድጓዱን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ብሩህ ብረት እስኪታይ አሹት። ቅባቱን በቲነር በራሰ ጨርቅ ጠረጉት። የዝገት መከላከያውን ቀብተው እስኪደርቅ ጠበቁ፤ ጉድጓዱንም በጥቂት ስቱኮ ሞልተው እንደ ገና አሹት። ከዚያ ነጩን ቀለም በተሳለ የክብሪት እንጨት ጫፍ እየነከሩ፥ በልጣጩ ውስጥ ብቻ፥ ከደኅናው ቀለም ላይ ሳያስወጡ ያኖሩ ጀመር። አንድ ጊዜ ካኖሩ በኋላ ሌላ ሥራ ይሠራሉ፤ ሲደርቅ ተመልሰው ደግሞ ያኖራሉ። በአንድ ጊዜ የተደፋ ወፍራም ቀለም ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ኋላም ይሸበሸባል።

በመካከሉ ባለው ጊዜ ይህን ትዕግሥት ከየት እንዳገኙት ጠየቅኋቸው። በልጅነታቸው ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ እንደ ነበሩ፥ ብራና ሲዳመጥም ማየታቸውን አጫወቱኝ። ቆዳው ሲወጠር ትንሽ ቀዳዳ ቢወጣበት ጸሓፊው በክር ይሰፋዋል፤ ቃሉንም በስፌቱ ዙሪያ ይጽፋል እንጂ ስፌቱን አይደብቀውም። «የተሰፋ ብራና ይነበባል፤ ቀዳዳው የተተወ ግን እየተቀደደ ይሄዳል» አሉኝ።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ቀለም ትዕግሥት ሲያስተምር ኖሯል። የመኪና ሥራ በተጀመረበት ዘመን የአንድ መኪና ቅብ ደርቆ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቶሎ የሚደርቅ የናይትሮ ሴሉሎስ ቀለም በአሜሪካ ሲወጣ ነው ፋብሪካዎች ጊዜውን ያሳጠሩት። ይሁን እንጂ የሽማግሌውን ክብሪት እንጨት የሚያፈጥን ነገር አልተገኘም። ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ። በመጨረሻ ከደኅናው ቀለም ጥቂት ከፍ ብሎ የቀረውን በውሃ በራሰ ባለ 2000 ቍጥር የብርጭቆ ወረቀት አስተካከሉት፤ በፖሊሽም ወለወሉት። አዲሱ ነጭ ፀሐይ ካገረጣው ከአሮጌው ነጭ ትንሽ ይፈካል። ይህ እንዳይታይ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «በሩን ሁሉ መቀባት ነው፤ ለባቄላ ብለህ በር ልታጠፋ ነውን?» አሉኝ።

ለመስቀል ቢቸና ወረድሁ። በቀጥታ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄጄ ሴትዮዋን ሳገኛት ልጁ በዚያ ዓመት ለትምህርት አለመመዝገቡን ሰማሁ። ያ ሃምሳ ብር ለደብተርና ለልብስ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ ኖሯል። እርሷ ይህን የነገረችኝ ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ልጁ የት እንዳለ ስለ ጠየቅኋት ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል አላገኝም። የልጆችን ስም በመዝገብ እየጻፍሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው፥ አንዱን ልጅ ከመዝገብ አስወጥቼው ነበር።

እናቴ ቡና አስፈላች። ጎረቤቶቹ፥ ልጁ ሲገረፍ ያዩት ሁሉ፥ ተሰበሰቡ። ልጁም ከከብት ጥበቃ ሲመለስ ተጠርቶ መጣ። በፊታቸው ቆሜ ጭረቱ የጠጠር ሥራ መሆኑን፥ እኔም ሳልመረምር መፍረዴን ተናገርሁ። ልጁንም በስሙ ጠርቼ ይቅርታ ለመንሁት። ገንዘቡን ለእናቱ መለስሁ፤ ለደብተሩና ለልብሱ የሚሆነውንም ጨመርሁ። ሴትዮዋ «ምን ገዶኝ፥ መምህር፤ ሰው ይሳሳታል» ብላ ፊቷን ወደ ረከቦቱ መለሰች። እርሷም ባልሠራው ነገር የመታችውን ልጅ ቀና ብላ ለማየት እንደ ከበዳት አስተዋልሁ። ይህም ዕዳ የእኔ ነበር። ከበዓሉ በኋላ ልጁን ይዤው ወደ ትምህርት ቤት ሄድሁ፤ ዳይሬክተሩም ዘግይቶ የመጣበትን ምክንያት ከእኔ ሰምተው መዘገቡት።

በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ልጁ ከመኪናዋ ወርዶ ከኋላው በር አጠገብ ቁጢጥ አለ። የተጠገነውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው።

«ይታያል» አለኝ።

«አዎን፥ ከቅርብ ላየው ሰው ይታያል» አልሁት።

ሌላ ነገር አልተናገረም። ቦታው መኪናዋን እስከ ሸጥሁባት ቀን ድረስ ደግሞ አልዛገም። ልጁም ትምህርቱን ቀጠለ፤ ባገኘኝ ቁጥርም እጅ ይነሣኛል። ነገር ግን በተከታዩ ቡሄ መኪናዬን በእናቴ ደጅ ሳቆም፥ ጅራፉን ጠቅልሎ ጓደኞቹን ትቶ ወደ ማዶ ተሻገረ፤ በዓመቱም እንደዚያው አደረገ። እኔም ልጠራው አልደፈርሁም።

በሦስተኛው ዓመት ቡሄ ጧት ከቤት ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ከመኪናዬ አጠገብ ጅራፍ ሲጮኽ ሰማሁ፤ ድምፁንም ለየሁት። ወጥቼ ለማየት አልተነሣሁም።