ነፍስ ይማር በሰመርሴት

እንግሊዝ አገር በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ተኩል የተዋወቅኳቸውን ሰዎች ብቆጥር ከሕያዋኑ ሙታኑ ይበዛሉ። ያስተዋወቁኝ አከራዬ ናቸው፤ ባዝ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል የሰጡኝ፣ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። በስማቸው እንድጠራቸው ስንት ጊዜ ነገሩኝ፤ አፌ እምቢ አለ። የእናቴን እናት የሚያክሉ ሰው እንዴት በባዶ ስም ይጠራሉ? «እማማ» አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንደሱ በለኝ» አሉ። በዚያው ጸና።

ያገናኙን ጃንሆይ ናቸው ብል አላጋነንኩም። ክፍሉን ለማየት የሄድኩ ዕለት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው እጃቸው ደረታቸው ላይ አረፈ። ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ባዝ ውስጥ ፌርፊልድ ሀውስ በሚባል ቤት በስደት ኖረዋል። እማማ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእናታቸው ጋር መንገድ ዳር ቆመው፣ ጥቁር ካባ የደረበ ቀጭን ሰው በእግሩ ሲያልፍ አይተዋል። እናታቸው ትከሻቸውን ጫን አድርገው «ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ንጉሥ ነው» አሏቸው። ይህን ሲያወሩኝ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ጀርባቸው ቀጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ «የንጉሡ አገር ልጅ» ሆንኩ። እሁድ እሁድ ትንሿን መኪናቸውን አስነስተው የሰመርሴትን ገጠር ያዞሩኝ ጀመር። የሚያዞሩኝ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመቃብር ወደ መቃብር ነው። እኛ ዘንድ መቃብር የሚኬደው ለቀብር፣ ለአርባ፣ ለሙት ዓመት ነው፤ በተኬደ ቁጥር ልቅሶ አለ፣ ካህን አለ፣ ዕጣን አለ። እማማ ግን ፔርሙዝ ሻይና እንቁላል ያለበት ዳቦ ይዘው መቃብር መሐል ካለች አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያ ቀን ዳቦው አልወርድ አለኝ። ያጽናናኝ ዛፉ ነው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዪው የሚሉት፣ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ፣ ዕድሜው ከቤተ ክርስቲያኑ ሊበልጥ የሚችል ዛፍ አይጠፋም። ከሥሩ ስቀመጥ የሰፈራችን ደብር ጽድ ትዝ አለኝ፤ ጥላው ያው ነው፣ ዝምታውም ያው።

ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው ሃሪ ፓችን ነው። እሱን ያወቅሁት ከሬሳ ሳጥኑ ነው። ነሐሴ 6 ቀን 2009 እማማ ማለዳ ቀስቅሰው ዌልስ ወሰዱኝ፤ ስሟ በእኛ ፊደል እንደ ዌልስ አገር የሚጻፍ፣ ካቴድራል ያላት ትንሽ የሰመርሴት ከተማ ናት። መንገዱ ዳርና ዳሩን ሰው ሞልቶታል። ፓች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ከተዋጉት የእንግሊዝ ወታደሮች በሕይወት የቀረው የመጨረሻው ነበር፤ በ111 ዓመቱ ሞተ። ሙያው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። መስከረም 22 ቀን 1917 ቤልጂየም ውስጥ አንድ የመድፍ ጥይት አብረውት የነበሩ ሦስት ጓደኞቹን ገደለ፣ እሱንም አቆሰለ። መቶ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለዚያ ጦርነት አልተናገረም። የሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዘው ከሚሄዱት መሐል የቤልጂየም፣ የፈረንሳይና የጀርመን ወታደሮች ነበሩ። መሣሪያ ግን አልነበረም፤ ለሥነ ሥርዓት እንኳ ጠመንጃ እንዳይያዝ ሆኗል። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደያዙ ሳጥኑ ካለፈም በኋላ ብዙ ቆዩ፤ መልሰው ማድረጉን የረሱት ይመስላሉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መቃብሩ ድረስ ሄድን። ከባዝ ብዙም አይርቅም፣ ሞንክተን ኩም በምትባል ሸለቆ ውስጥ፣ ከተወለደበት መንደር ሥር ነው። አፈሩ ገና አልረጋም። እማማ ጎንበስ ብለው ከአፈሩ ላይ አንዲት ቅጠል አነሱ፤ ሌላ ምንም አላደረጉም። ይህ ሰው በ106 ዓመቱ ከጀርመን ወገን ከተዋጋ ሌላ ሽማግሌ ጋር ተገናኝቶ እጁን ጨብጦታል። ስለ ጀግና ስናወራ ልጆቻችን እንዲሰሙት የምመኘው አንዱ ታሪክ ይሄ ነው።

ሜልስ ውስጥ ገጣሚው ሲግፍሪድ ሳሱን አለ። በዚያው ጦርነት በጀግንነቱ የተሸለመ መኮንን ሆኖ ሳለ በ1917 ጦርነቱ ሆን ተብሎ ተራዝሟል ብሎ በአደባባይ ጻፈ፤ የሜዳሊያውን ሪባንም ወንዝ ላይ ወረወረ። በ1967 ሲሞት ሜልስ የተቀበረው በራሱ ምኞት ነው፤ የሚያከብሩት ቄስ ሮናልድ ኖክስ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ብቻቸውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ሊቅ፣ ከአሥር ዓመት በፊት እዚያ አርፈው ነበርና ከእሳቸው አጠገብ መሆን ፈለገ። ይህ ነገር ለእኔ ማብራሪያ አላስፈለገውም። እኛም አገር ሰው ከንስሐ አባቱ እግር ሥር ቢያርፍ ይመኛል።

በጥቅምት አንድ እሁድ ደግሞ ወደ ደቡብ ወረድን። ዳውሊሽ ዌክ በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ጆን ሃኒንግ ስፒክ ተቀብሯል፤ የነጭ አባይን ምንጭ ፍለጋ ወጥቶ በ1858 ቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰው ሰው። ስሙን በትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ። የማላውቀው አሟሟቱን ነው። ከሪቻርድ በርተን ጋር፣ በ1855 ሐረር ከገባው በርተን ጋር፣ በምንጩ ጉዳይ ተጣልተው ነበር። መስከረም 16 ቀን 1864 ባዝ ውስጥ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት እንዲከራከሩ ተቀጠረ። በዋዜማው ስፒክ አደን ወጥቶ የገዛ ጠመንጃው ባርቆበት ሞተ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። እማማ ይህን ሲተርኩልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ትናንት የሆነ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ስለ ግሽ አባይ ነገርኳቸው፤ የእኛ አባይ ምንጭ ጠፍቶ የሚፈለግ ሳይሆን ሰው ጠበል ብሎ የሚጠጣው መሆኑን፣ አስዋን ከሚደርሰው ውኃም አብዛኛው ከእኛ ደጋ እንደሚወርድ። ተንበርክኮ ውኃውን በእጁ ከሚጨልፈው ገበሬ የበለጠ ምንጩን ያወቀ ሰው አለ ብዬ ዛሬም አላምንም። እማማ እስክጨርስ አዳመጡኝና «ስፒክ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር» አሉ። ወጣቱ አሳዘነኝ፤ ያን ያህል መንገድ ሄዶ፣ በርበራ ላይ በጦር ተወግቶ ተርፎ፣ እናቱ ደጅ መጥቶ መሞት።

በዚያው ቀን ኢስት ኮከር ደረስን። እዚህ ያለው አሜሪካ የተወለደው ገጣሚ ቲ. ኤስ. ኤልየት ነው። የቀድሞ አያቶቹ ከዚህች መንደር ተነስተው ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል፤ እሱ በ1965 ሲሞት አመዱ ወደ መነሻቸው ተመለሰ። ሬሳ መቃጠሉን ስሰማ ሰውነቴ ተሸማቀቀ፤ ባደግሁበት እምነት የማይታሰብ ነው። ከግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አረጋጋኝ። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ለነፍሱ እንዲጸልይ ይለምናል። ሳላስበው ጮክ ብዬ «ነፍስ ይማር» አልኩ።

እማማ ምን እንዳልኩ ጠየቁ። ነገርኳቸው። እንዳስተምራቸው ፈለጉ። «ነፍስ» ቶሎ ተያዘላቸው፤ ያስቸገረው «ይማር» ነው። «ማ»ን አጥብቀው ነው የሚጠሩት። ሲጠብቅ ትርጉሙ «ይማር፣ ትምህርት ያግኝ» ይሆናል፤ ሲላላ ነው ምሕረት የሚሆነው። በአንድ ፊደል ተጽፎ በድምፅ ብቻ መለየቱ አስተማሪ ነፍሳቸውን አስደሰታት። ወረቀት አውጥተው በእኛ ፊደል አስጻፉኝና ከሥሩ በራሳቸው ፊደል ድምፁን ጻፉ። ወደ ባዝ እስክንመለስ መሪውን ይዘው ሲያላሉና ሲያጠብቁ አመሹ። በየደረስንበትም ወረቀቷን ከቦርሳ አውጥተው ይሏታል፤ ስሙ ከድንጋዩ ለጠፋው ሰው ሁሉ ሳይቀር።

የክረምቱ ብርድ ሳይጠና የሄድንበት የመጨረሻው ቦታ ኩም ፍሎሪ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተጠግቶ፣ ከአጥሩ ወዲያ ባለ መሬት፣ ደራሲው ኤቭሊን ዎ ተቀብሯል። እማማ ልቦለዶቹን ይወዳሉ። እኔ ሌላውን አውቃለሁ። በ1930 የጃንሆይን ንግሥ ለመዘገብ አዲስ አበባ መጣ፤ በ1935 ለአንድ ጋዜጣ ሊዘግብ ተመለሰ፤ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ለወራሪው ወገነ። የአያቴ ታላቅ ወንድም ማይጨው ላይ ቀርተዋል። መቃብር የላቸውም፤ የት እንደወደቁ የሚያሳይ ድንጋይ የለም። ይህ ሰው ያረፈበትን ሣር ሳይ ጉሮሮዬ ታነቀ። እማማ ፊቴን አይተው ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ካባ የደረበው ቀጭን ሰው ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ ቀና ብለው ቆሙ።

ብዙ ቆየን። ነፋሱ ከሸለቆው ይመጣል። የተለመደችውን ቃል ከእኔ መጠበቃቸውን አውቃለሁ፤ አልወጣኝም። እማማ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ የተጨማደደችውን ወረቀት ዘረጉ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉና አነበቡ። ጉሮሯቸውን ብርድ ይዞት ይሁን እንባ፣ ድምፃቸው ተቆራረጠ። «ነፍስ ይማር» አሉ፣ «ማ»ን እንደ መጀመሪያው ቀን አጥብቀው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አርማቸው ነበር። ያን ቀን ዝም አልኩ። ወረቀቷን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ፣ ክንዳቸውን ይዤ ወደ መኪናው ስንመለስ፣ ከአጥሩ በር ላይ ዞር ብዬ እኔ ደግሞ አላልቼ አልኩት።