ኡራኤል ላይ የምንተነፍሰውን ማን ይለካልን?



ሊስትሮ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። እዚህ አዲስ አበባ፣ ኡራኤል ታክሲ መያዣው ጋ ያሉትን ልጆች እዩዋቸው፦ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጫማ ላይ አጎንብሰው ይውላሉ። መብራት ለቆ አንድ ያረጀ ሚኒባስ ነዳጅ ሲረግጥ ከማርሚታው የሚወጣው ጥቁር ጭስ እኛ ቆመን የምንሄደው ጋ ከመድረሱ በፊት እነሱን ፊታቸው ላይ ያገኛቸዋል። ክረምት ሲሆን ደግሞ እዚያው ዳር በቆሎ የምትጠብሰው እናት የመኪናውን ጭስ ከከሰሉ ጋር ደርባ ትስበዋለች። ማታ ሲያስላቸው ሁለቱም «ብርድ መታኝ» ይላሉ። ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ተከፈተ ብለን እንጣላለን እንጂ በመስኮቱ ስለሚገባው ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ለዓመታት የአዲስ አበባን አየር ለማወቅ ስልኩን የሚከፍት ሰው በብዛት የሚያየው ቁጥር ከአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ የሚመጣ ነበር። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ሥራ የጀመረው። የካቲት 2017 ዓ.ም መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በበጀት ምክንያት ብሎ በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚያሰራጨውን መረጃ አቋረጠ። በሰው አገር በጀት የተቆረጠ ውሳኔ የእኛን ሳንባ የሚመለከት ቁጥር ይዞ ሄደ። አሜሪካኖቹን አልወቅሳቸውም፤ የራሳቸውን ሠራተኞች ጤና ለመጠበቅ የተከሉት ነው። የኛን ልጆች ጤና ለመጠበቅ የሚተከለውን መትከል ያለብን እኛ ነን።

መለካት ምን እንደሚያሳይ ከራሳችን ከተማ ልንገራችሁ። ተመራማሪዎች በ2008 ዓ.ም ጀምረው አንድ ዓመት ሙሉ በመሀል አዲስ አበባ ፒኤም 2.5 የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ ለክተው ነበር። ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ አፍንጫ አያስቀረውም፤ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል፤ ከልብ ሕመም፣ ከስትሮክና ክብደታቸው አነስ ብሎ ከሚወለዱ ሕፃናት ጋር የሚያያዘውም ለዚህ ነው። የዓመቱ አማካይ በሜትር ኩብ አየር 54 ማይክሮግራም ገደማ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የዓመት ልክ 5 ነው። ከምንጮቹ ትልቁን ድርሻ የያዘው መኪና ነበር፤ እንጨትና ከሰል፣ ከዚያም አቧራ ተከተሉት።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ወቅቱ ነው። ብናኙ የበዛው በበጋው አቧራ አልነበረም፤ በክረምት ነበር። ዝናብ አየሩን ያጥበዋል ብለን ነው የምናምነው። ቤት ውስጥ እሳት የሚበዛውና ጭሱ ከከተማው በላይ ተጭኖ የሚቆየው ግን ያኔ ነው። በዓይን ቢታይ ኖሮ ማንም አይስተውም ነበር፤ አይታይም። ባይለካ ኖሮ ዛሬም በጋውን ብቻ እየረገምን እንቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ሕግ የለንም እንዳይባል አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ውስጥ መኖርን መብት አድርጎታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የአየር ጥራት ደረጃ እንዲወጣ አዟል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው መመሪያ ላይ ለደቃቅ ብናኝ የተጻፈው የዓመት ልክ 15 ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ወረቀቱ ላይ 15፣ መሀል ከተማው ላይ 54። ሃያ ዓመት ያለፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ብቻውን የትም አያደርስም፤ በየትኛው ዓመት እንደሚደረስበት፣ የት የት እንደሚለካ፣ ካልተደረሰበትም ማን ቀርቦ እንደሚጠየቅ አብሮ መጻፍ አለበት።

ደቡብ አፍሪካ ይህን ሞክራለች። እዚያ የዓመቱ ልክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 20 ነው፤ ከ2030 ጀምሮ 15 ይሆናል። ከነቀነ ገደቡ በሕግ ተጽፏል። አየሩ ግን ወዲያው አልጸዳም፤ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች በሞሉበት ሃይቬልድ በሚባለው አካባቢ ሰዉ ዛሬም ይታፈናል። ነገር ግን የተጻፈ ልክ፣ የተለካ ቁጥርና የሕገ መንግሥት መብት ስለነበራቸው የአካባቢው ማኅበራት መንግሥትን ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መብታቸው ተጥሷል ብሎ ፈረደላቸው። እኛ አንቀጽ 44ን ይዘን ብንሄድ ዳኛው «ማስረጃችሁ የታለ?» ቢለን ምን እናቀርባለን?

ለንደን ውስጥ ኤላ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2013 በአስም ሞተች። ከብዙ ትግል በኋላ፣ በታኅሣሥ 2020፣ የአየር ብክለት ለሞቷ አንዱ ምክንያት እንደሆነ በይፋ ተበየነ። ውሳኔው ሊሰጥ የቻለው ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ የተተከለ መለኪያ የእነዚያን ዓመታት ቁጥር መዝግቦ ስላቆየ ነው። ስንት የኛ ኤላዎች «ብርድ ነው» ተብለው እንደተቀበሩ ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል።

ጭስና በሽታን ማያያዝ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ካረገፋት በኋላ የቀረልን ልማድ ይኸው ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ እያወጣን ማቃጠል ነው። ያን ጊዜ ዓላማው ጤና ነበር፤ ሐሳቡን አከብረዋለሁ። ዛሬ ግን ክምሩ ውስጥ ፌስታልና ጎማ አለ፤ ያ ቀን ሲመሽ አስም ያለበት ሰው ቤት የምታመሹ ምን እንደምል ታውቃላችሁ። መጥረጉ ይቅር አላልኩም፤ እሳቱ ይቅር።

እዚሁ ሰፈራችን ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ተቀይሯል። በ2008 ዓ.ም የኤሌክትሪክ ባቡሩ በኡራኤል ማለፍ ጀመረ። በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ፤ መንገዱ ሰፋ። እነዚህ ሁሉ አየሩን ነክተውታል። የትኛው ጠቀመ፣ የትኛው አቧራውን አባሰ? ባቡሩ ከማለፉ በፊትና በኋላ፣ ቁፋሮው ሲጀመርና ሲያልቅ በቋሚነት ተለክቶ ለነዋሪው ቢነገረው ኖሮ ቀጣዩን ብር የት እንደምናውለው እናውቅ ነበር። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 የሚዘልቅ የአየር ጥራት ዕቅድ ነበራት፤ ዘመኑ አልቋል። ከታቀደው ስንቱ እንደተሳካ ሕዝብ ፊት ይነገረን፤ ቀጣዩም ከዚያ ይነሳ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መመሪያው አስገዳጅ ደንብ ይሁን። በአንድ ጊዜ 5 ላይ እንድረስ አልልም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ 35፣ 25፣ 15፣ 10 እያለ መሸጋገሪያ ደረጃዎችን አስቀምጧል። 35 የሚደረስበት ዓመት ይጻፍና ከዚያ እንጀምር። ቦሎ ሲታደስ የማርሚታው ጭስ የእውነት ይለካ። ኡራኤል ላይ፣ ከታክሲ መያዣው አጠገብ፣ ሊስትሮዎቹ በሚቀመጡበት ከፍታ መለኪያ ይተከል፤ ቁጥሩም በየሰዓቱ በአማርኛ ይለጠፍ። የከተማ ምክር ቤት ተመራጫችሁን የምታውቁ ይህን ጽሑፍ ላኩላቸው፤ መልስ ከሰጧችሁ እዚሁ ሥር ጻፉልኝ።