ሰማንያ አራት በሰባ

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። የአጎቴ አብሮ አደግ ኖክስቪል፣ ቴነሲ ውስጥ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ያስነሳሉ። መንገዱ 8 ሰዓት ግድም ይወስዳል። አጎቴ መሪውን ይዘዋል፣ እኔ ጎናቸው ነኝ፣ ባለቤታቸው እትዬ ከኋላ ወንበር ከድፎ ዳቦው ጋር ተደላድለዋል። ድፎው ጭምር ቀበቶ ታስሮለታል።

በአውራ ጎዳና 66 ወደ ምዕራብ ሄደን 81ን ስንይዝ አገሩ ተለወጠ። 81 የሸናንዶዋን ሸለቆ ይዞ ይወርዳል፤ ወደ ደቡብ ለሚነዳ ሰው ብሉ ሪጅ በግራ፣ አሌጌኒ በቀኝ አብረውት ይሄዳሉ። በየሜዳው ጥቁር ከብት ይግጣል። መንገዱን የያዘው ግን ከባድ መኪና ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ከተሞች ወደ ደቡብ የሚወርደው ጭነት ባሕር ዳርቻውን ይዞ የሚሄደውን 95ን ሸሽቶ በዚህ ያልፋል። ዳገት ላይ አንዱ ትራክ ሌላውን ልቅደም ሲል ሁለቱም ረድፍ ይዘጋል። ከኋላ ያለው የቤት መኪና ይታገሳል፣ ይታገሳል፣ ቁልቁለቱ ሲመጣ ይለቀዋል። ፖሊሱም ይህን ስለሚያውቅ የሚቆመው ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው።

እኛን ያገኘን ከሌክሲንግተን አለፍ ብለን ነው። ከሁለቱ አቅጣጫ መንገዶች መሐል ባለው ሣር ላይ ሰማያዊና ግራጫ መኪና ቆሟል፤ የስቴት ፖሊስ ነው። አጎቴ ፍሬን አልነኩም። "አሁን ብይዝ እኔ ነኝ ማለት ነው" አሉ። ብዙ አልቆየም፤ ሰማያዊው መብራት ከኋላችን መጣ።

አዲስ አበባ ላይ ትራፊክ ያስቆመው ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ይዞ ይወርዳል፤ ወደ ፖሊሱ ሄዶ ያስረዳል፣ ይለማመጣል፣ አንዳንዴም ይከራከራል። እዚህ ከመኪና መውረድ አደጋ አለው። አጎቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሁለቱን እጆቻቸውን መሪው ላይ ዘረጉ። እኔ ፓስፖርቴን ልፈልግ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት "እጅሽ ይታይ!" አሉኝ፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ አገር ታክሲ የነዳ ሰው ድምፅ ነው።

ትሩፐሩ፣ ማለት የስቴት ፖሊሱ፣ ጨዋ ልጅ ነው። በስንት ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር ጠየቃቸው። ክሩዝ ኮንትሮሉን 79 ላይ አስረውት ስለነበር 79 አሉ። "84" አለና ወደ መኪናው ተመለሰ። የመንገዱ ወሰን 70 ማይል ነው፤ በእኛ 113 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ረጅም ጊዜ ቆይቶ አንድ ወረቀት ይዞ መጣና አስፈረማቸው። መፈረም ማመን እንዳልሆነ፣ በቀጠሮ እቀርባለሁ ብሎ ቃል መግባት ብቻ እንደሆነም ነገራቸው።

እንደገና መንገድ ስንይዝ እትዬ መጀመሪያ ያሉት "ድፎው አልተነካም" ነው።

ኖክስቪል። ክርስትናው አልቆ ጠላው ሲቀዳ ወሬው ሁሉ ቲኬቱ ሆነ። ከአንድ የሕግ ሰው እንግዳ የተማርኩት ይህ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ የነዳ፣ ወይም ከወሰኑ 20 ማይል ያለፈ፣ ነገሩ ከደንብ መተላለፍ ወጥቶ ወንጀል ይሆናል፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። የዚያ ወንጀል ጥፋተኝነት ሪከርድ ላይ 11 ዓመት ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 በፊት ደግሞ መስመሩ 80 ነበር። ያኔ ቢሆን ኖሮ አጎቴ በዚያው 84 የወንጀል ተከሳሽ ነበሩ። አሁን ግን 14 ማይል ያለፈ ተራ ደንብ ተላላፊ ናቸው፦ ለእያንዳንዱ ማይል 6 ዶላር፣ በድምሩ 84፣ ላዩ ላይ የፍርድ ቤት ወጪ፣ በመንጃ ፈቃዳቸው ላይ 4 የጥፋት ፖይንት። አስቀድመው ቢከፍሉ ችሎት መሄድ አያስፈልግም። ነገር ግን መክፈል ጥፋቱን ማመን ነው፤ ከከፈሉ በኋላ የእምነት ክህደት ቃል የሚጠይቅዎ የለም።

እኔ ወዲያው ይክፈሉ ባይ ነበርኩ። ወሰኑ 70 ነው፤ ራሳቸው 79 ብለዋል። ታዲያ ክርክሩ ስለ ምኑ ነው?

ስካይላይን። ከአሌክሳንድሪያ ብዙ በማይርቀው በዚህ ሰፈር አበሻ የሚሰበሰብበት ካፌ አለ፤ ጡረታ የወጣውም ያልወጣውም የታክሲ ሾፌር የሚገኘው እዚህ ነው። አጎቴ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ምክሩ ያለ ልክ ወረደ። አንደኛው ለምን 79 አልክ ብሎ ተቆጣ፤ ዝም ብትል ኖሮ ማስረጃው የራዳሩ ብቻ ነበር አለ፤ ልክ ነው። ሌላው ቀጠሮውን ደጋግመህ አስለውጥ፣ ፖሊሱ ሳይመጣ ይቀራል፣ ክሱም ይሰረዛል አለ። ይህ በየካፌው የሚዞር ተስፋ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ብዙም አይሠራም፤ ፖሊሱ የራሱ የችሎት ቀን ተመድቦለት የጻፋቸውን ቲኬቶች ሁሉ በአንድ ጠዋት ይዞ ይቀርባላ። ሦስተኛው ራዳር የሚያሽት ዕቃ ግዛ አለ። እሱን መኪና ላይ ማሠራት በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ክልክል ነው፤ ቲኬትን በቲኬት መከላከል ይሆናል።

ጥግ ላይ ሻይ የሚጠጡ ሽማግሌ ብቻ አንድ ነገር ተናገሩ፦ "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ።" ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ አጎቴ ግን አልሳቁም። አባታቸው፣ ማለት አያቴ፣ በላ ልበልሃ የሚያውቁ፣ በቅሎ አስይዘው የሚሟገቱ ሰው ነበሩ። ውሳኔው ያኔ የተወሰነ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ምክንያት ፍለጋ ነው።

ምክንያቱ ግን ተገኘ። የቤቱ የፖስታ ሣጥን በጠበቆች ደብዳቤ ተሞልቶ ነበር፤ የክሱ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ቲኬቱ በተጻፈበት ካውንቲ ያሉ ጠበቆች ስምና አድራሻ እያወጡ ይጽፋሉ። ከደብዳቤዎቹ አንዱ ውስጥ ስለ ስፒዶሜትር ምርመራ የሚያወራ አንድ አረፍተ ነገር ነበረች። የቨርጂኒያ ሕግ 46.2-942 ላይ ከወሰን በላይ በመንዳት የተከሰሰ ሰው የመኪናውን ስፒዶሜትር አስመርምሮ በመሐላ የተረጋገጠ ውጤት ካቀረበ ፍርድ ቤቱ ተቀብሎ ማየት አለበት ይላል፤ ጥፋተኛ ነው አይደለም ለማለትም፣ ቅጣቱን ለመወሰንም።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ግንባራቸውን መቱ። ባለፈው ክረምት አራቱንም ጎማ ቀይረዋል። መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በ215/65 አር 16 ነው፤ የጎማ ነጋዴው የሸጠላቸው 215/70 አር 16። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ጎማው በዲያሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስፒዶሜትር ግን መንገዱን አያይም፤ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ረዘም ያለ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ስለሚሄድ መኪናው ከሚያሳየው በላይ ይፈጥናል። መካኒኩ መኪናውን ሮለር ላይ አውጥቶ አስሮጠውና 79 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 82 ያህል መሆኑን ጽፎ ማለ። የቀሩት 2 ማይሎች ቁልቁለቱ የገፋቸው ናቸው።

ይህ ወረቀት የመከላከያ ማስረጃም የእምነት ቃልም ነው። አጎቴ ከወሰኑ በላይ መንዳታቸውን ያረጋግጣል፤ ግን ያን ያህል የነዱት እያወቁት እንዳልነበረ ያስረዳል። እኔ እስከዚህ ድረስ ክርክር ማለት አድርገሃል፣ አላደረግኩም መባባል ይመስለኝ ነበር። አጎቴ የሚከራከሩት ስለ አምስት ማይል ነው።

ፍርድ ቤቱ። የካውንቲውን ስም አልጽፍም። ከተማው አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ቀይ ጡብ ሕንፃ ነው። ለዚህ ጠዋት አጎቴ የአንድ ቀን ሥራ ትተው ሦስት ሰዓት ነድተዋል፤ እስክንደርስም በአማርኛ ሲለማመዱ ነበር። ጄነራል ዲስትሪክት ኮርት የሚባለው ይህ ችሎት ጁሪ የለውም፤ ዳኛው ብቻቸውን ያያሉ። አስተርጓሚ የሚፈልግ ተከሳሽ አስቀድሞ ከጠየቀ ያለ ክፍያ ይቀርብለታል። አጎቴ አልፈለጉም፤ "አሳጥሬ እናገራለሁ" አሉ፤ የአያቴ ልጅ ሲሉት ያስገርማል።

አዳራሹ አግዳሚ ወንበር ሞልቶታል፤ ትሩፐሮቹ በግድግዳው በኩል ዶሴ ይዘው ተደርድረዋል፤ የእኛውም አለ። ጸሐፊዋ ስም መጥራት ጀመረች። በጣም የያዘኝ ነገር ይህ ነው፦ ከሚጠሩት ስሞች ብዙዎቹ አልነበሩም። ስም ይጠራል፤ መልስ የለም፤ ዳኛው ፖሊሱን ፍጥነቱን ይጠይቁታል፤ በሌለበት ጥፋተኛ ይሉታል፤ ወደሚቀጥለው። ከእነዚያ ስሞች መሐል የሥራ ፈረቃውን መተው ያልቻለ፣ ሕፃን የሚያስይዘው ያጣ፣ ሩቅ ስቴት የሚኖር ይኖራል። በወረቀት ላይ የመከራከር መብት ለሁሉም እኩል ነው፤ አንድ ቀን ከሥራ መቅረት ግን ለሁሉም እኩል ዋጋ የለውም። ጭብጦውን በፍርድ ለማስመለስ ጭብጦ የተረፈው መሆን ያስፈልጋል።

ከፊታችን ካለው ወንበር አንድ ወጣት ዞሮ በአማርኛ "ጋሼ፣ የምንድን ነው የእርስዎ?" አለ። የትራክ ሾፌር ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ። የእሱ 75 በ60 ነው፤ 15 ማይል። ለአጎቴ 14ም ሆነ 15 ያው 4 ፖይንት ነው፤ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ግን 15 ሌላ ዓለም ነው። የፌዴራሉ ሕግ 15ና ከዚያ በላይ ማለፍን ከባድ ጥፋት ይለዋል፤ በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ከተደገመ 60 ቀን ከትራክ ያወርዳል። ዳኞች ለቤት መኪና ሾፌር የሚፈቅዱት የ8 ሰዓት የማሻሻያ ትምህርት፣ ተምሮ ክስ ማሰረዝ፣ ለእሱ አይሠራም፤ ስቴቶች የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለውን ሰው ጥፋት እንዳይሸፍኑ ሕጉ ይከለክላል፤ በራሱ የቤት መኪና ቢይዙትም እንኳ። "አንዷን ማይል ካወረዱልኝ ይበቃኛል" አለ። ለዚያች ማይል ጠበቃ ቀጥሯል፤ ስንት እንደከፈለ ግን አልነገረንም።

የአጎቴ ተራ ሲደርስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ትሩፐሩ ፍጥነቱን ተናገረና የራዳሩን የምርመራ ወረቀት አቀረበ፤ ሕጉ መሣሪያው ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተመረመረ እንዲሆን ያዛል፤ የእሱ ከዚያ በጣም ቅርብ ነው። በዚያ በኩል በር የለም። ዳኛው አጎቴን ሲጠይቋቸው አጎቴ በመንገድ ላይ ያጠኑትን ሁሉ ትተው የመካኒኩን ወረቀት ሰጡ። ዳኛው አነበቡ፤ ጎማውን አስተካክለሃል ወይ አሉ፤ አጎቴ ገና ነኝ አሉ። ዳኛው ፈገግ አሉና 79 በ70 ብለው አወረዱት። 9 ማይል፣ 3 ፖይንት፣ 54 ዶላርና የፍርድ ቤት ወጪ። ያልተስማማ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ኮርት ይግባኝ ብሎ ክርክሩን ከመጀመሪያው ሊያስጀምር ይችላል። አጎቴ ለአንድ አፍታ ይህንንም ያሰቡበት መሰለኝ።

የወጣቱ ጉዳይ ጠበቃው ጊዜ ጠይቆ ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ። በር ላይ ስንሰነባበት ጭነት ሃሪሰንበርግ እንደሚጠብቀው ነግሮን ሄደ።

ከመስኮቱ ጸሐፊ ዘንድ ከፍለን ወጣን። እትዬ ስልኩ ላይ ነበሩ።

"ስንት ወጣብህ?" አሉ።

"ሃምሳ አራት። ትንሽ የኮርት አለው።"

"ቤንዚኑስ? መካኒኩስ? የቀረህበት ሥራስ?"

አጎቴ እሱ ሌላ ነው አሉ። ኢንሹራንሱ ይጨምር አይጨምር በእድሳቱ ጊዜ ይታያል፤ 4 ፖይንትና 3 ፖይንት ለኢንሹራንስ ኩባንያ ምን ያህል ይለያዩ እንደሆነ ያኔ ይነግሩናል። ለእኔ ከሆነ አሁንም እከፍል ነበር፤ እኔ ግን ታክሲ ነድቼ ልጅ አላስተማርኩም፣ ንጹሕ ሪከርድም ለእኔ የእንጀራ ገመድ አይደለችም።

"ጎማውስ?" አሉ እትዬ በመጨረሻ።

ጎማው ገና አልተቀየረም። አጎቴ 81ን ወደ ሰሜን ይዘው ክሩዙን 67 ላይ አሰሩት፤ በዚህ ጎማ 67 ማለት በእውነቱ 69 መሆኑን እያሰሉልኝ።