ቁልፉ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቁልፍ ማስቀረጽ ጫማ ከማስጠረግ ብዙም አይለይም። ቁልፉን ትሰጣላችሁ፤ ማሽኑ ይንጫጫል፤ ቀራጩ ጫፉን በሞረድ ዳበስ ዳበስ ያደርግና ይመልስላችኋል። የቤት ይሁን የሱቅ፣ የመጋዘን ይሁን የመኪና፣ "የማን ነው?" የሚል ሰው የለም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የእኛን ቤተሰብ ግን ዘንድሮ ሦስት ሳምንት አመላልሶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ያረፉት አጎቴ ከጀርመን ሲመለሱ ይዘዋት የመጡ የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ነበረቻቸው። ለማታውቋት፣ ሴሊካ ቶዮታ ከ1970 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) ያመርታት የነበረች ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ናት። አክስቴ መኪና አይነዱም። ስለዚህ ሊሸጧትና ገንዘቡን ለልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ ሊያደርጉት ወሰኑ።

ገዢ ለማግኘት አልተቸገርንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለች አሮጌ መኪና ዋጋዋ የሚጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው። ገዢው ሞተሩን አይቶ፣ ነድቶ፣ ወደደ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀ፦ "ሁለተኛው ቁልፍ የታለ?"

አልነበረም። ከዓመታት በፊት ጠፍቷል፤ የት እንደወደቀ፣ ማን እንዳነሳው የሚያውቅ የለም። ገዢው ልክ ነበር። እኔም ብሆን የማላውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ቁልፉ ያለ መኪና አልገዛም።

የቀረችንን አንዷን ቁልፍ ይዘን በመጀመሪያ የሄድነው መንገድ ዳር ወዳለ ቀራጭ ነው። ማንነታችንን አልጠየቀም። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቀርጾ ሰጠን። አዲሱ ቁልፍ በሩን ከፈተ፣ መሪውን ፈታ፣ ሞተሩንም አዞረ። መኪናዋ ግን አልተነሳችም። አሮጌውን ስናስገባ ወዲያው ትነሳለች።

ምክንያቱ ብረቱ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ የቤት መኪኖች ኢሞቢላይዘር የሚባል የስርቆት መከላከያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። የቁልፉ ፕላስቲክ እጀታ ውስጥ ከጥፍር የምታንስ ቺፕ አለች። ባትሪ የላትም። ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ጥቅል ሽቦ ኃይል ሲሰጣት የራሷን ቁጥር ትናገራለች። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ካወቀው ሞተሩ እንዲነሳ ይፈቅዳል፤ ካላወቀው ብረቱ የቱንም ያህል በትክክል ቢቀረጽ ዋጋ የለውም።

ቺፕ ያለው ቁልፍ ገዝቶ ማስመዝገብ ነው እንዳትሉኝ። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ቁልፎቹ እኩል አይደሉም። ጥቁሩ ዋናው ነው፤ ሌላ ቁልፍ ማስመዝገብ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ግራጫው መኪናውን ያስነሳል እንጂ አዲስ ቁልፍ የማስመዝገብ ሥልጣን የለውም፤ ለሆቴል መኪና አቋሚ እንዲሰጥ የታሰበ ነው። እኛ እጅ የቀረው ግራጫው ነበር።

ዋናው ከጠፋ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ ኮምፒውተሩን መቀየር ነው፤ ከውጭ ሲመጣ ዋጋው የሚያስደነግጥ። ሌላው ኮምፒውተሩን ከፍቶ የቁልፎቹ ቁጥር የተጻፈበትን ትንሽ ማህደር እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ይህን የሚሠሩ ልጆች እዚሁ ከተማችን አሉ። ሱማሌ ተራ ጠይቀን አንዱን አገኘን። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። መኪናዋን ሳያይ ወደ አክስቴ ዞሮ "ማዘር፣ ሊብሬ ይዘዋል?" አላቸው።

ሊብሬው አለ፤ በሟች ስም ነው። አክስቴ ሚስታቸው መሆናቸውን ነገሩት፤ የጋብቻ ወረቀታቸውንም አሳዩት። ልጁ በትህትና እምቢ አለ። "እኔ አምንዎታለሁ። ግን ነገ ሌላ ሰው መጥቶ 'የሟች ልጅ ነኝ' ቢለኝስ ምን ልለው ነው? የፍርድ ቤቱን የወራሽነት ወረቀት ያምጡልኝ።"

አክስቴ ተናደዱ። "በገዛ መኪናዬ ፍርድ ቤት!" አሉ። ንዴታቸው ይገባኛል። የወራሽነቱ ጉዳይ ተጀምሮ ነበር፤ ለውሳኔ ግን ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ገዢው ሌላ መኪና ማየት ጀመረ። ላለማጣት ሲሉ ዋጋ ቀነሱለት። የልጁ ጥንቃቄ ገንዘብ አስከፍሎናል።

እንደዚያም ሆኖ ልጁ ትክክል ነበር እላለሁ።

አስቡት። መኪናችንን ላቫጆ እንሰጣለን፣ ጋራዥ እናሳድራለን፣ ለሠርግ እናውሳለን። ቁልፉ በየቀኑ ሰው እጅ ይገባል። ቺፕ ለሌለው መኪና የአንድ ሰዓት አደራ በቂ ነው፤ ጠያቂ የሌለው ቀራጭ ጋ ሄዶ ሁለተኛውን ማስቀረጽ ይቻላል። ቺፕ ላለው ደግሞ የመጨረሻው በር ጠባቂ ያ ሱማሌ ተራ ያለው ወጣት ነው። ፋብሪካው ያበጀው መከላከያ እሱ ጠረጴዛ ላይ ይፈታል። እሱ "ሊብሬ" ካላለ ማንም አይልም።

ልጁን ግን ማን አስገደደው? ማንም። ከእሱ ሁለት ሱቅ አልፎ ያለው "እኔ ወረቀት አልጠይቅም" ብሎን ነበር። ሥርዓት በአንድ ሰው ጨዋነት ላይ ሲንጠለጠል ጨዋው ደንበኛ ያጣል፤ የማይጠይቀው ይበለጽጋል። ስለዚህ ጥያቄው የሁሉም ግዴታ መሆን አለበት። የመኪና ቁልፍ የሚቀርጽ ሁሉ ሊብሬና መታወቂያ ይይ፤ ስም፣ ስልክና የሰሌዳ ቁጥር በደብተር ይመዝግብ። ሊብሬው ባንክ በመያዣነት የተያዘበት ወይም ባለቤቱ የሞተበት ሰው ደግሞ በምን ሰነድ እንደሚስተናገድ አስቀድሞ ይታወቅ። እንደ አክስቴ ያለ ባለመብት የሚንገላታው ጥያቄው ስለተጠየቀ ሳይሆን መልሱ በግልጽ ስላልተቀመጠ ነው።

ይህን ስል ሙያው ላይ ዱላ ይነሳ ማለቴ አይደለም። አዲስ የነዳጅ መኪና በማይገባበት አገር አሮጌዎቹን በሕይወት የሚያቆዩት እነዚህ ልጆች ናቸው። ፈቃድ ብሎ ማዋከብ የሚያውቁትን ወደ ጓዳ ይሰድዳቸዋል። አንድ ደብተርና ሁለት ጥያቄ ግን የማንንም እንጀራ አይዘጋም።

ወረቀቱ በመጣ ዕለት ሥራው ከሰዓት በኋላ አለቀ። ልጁ ማህደሩን አጥፍቶ ግራጫውንና ሁለት አዳዲስ ጥቁር ቁልፎችን መዘገበ። የጠፋው ቁልፍ ከመዝገቡ ወጣ፤ ማንም እጅ ቢገኝ በር ከመክፈት በቀር መኪናዋን አያስነሳም። ገዢው ከሁሉ የወደደው ይህን ነው።

ለእናንተ የምመክረው ቀላል ነው። ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ከፍታችሁ የመኪናችሁን ቁልፎች ቁጠሩ። ዋናው አንድ ብቻ ከቀረ፣ እሱ እያለ ሌላ ማስመዝገብ ርካሽ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ግን ኮምፒውተር ማስከፈት ይመጣል። ከቁልፉ ጋር የመጣች ቁጥር ያለባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ካለች አትጣሏት፤ ያረጀ ቁልፍ ሲገለበጥ መበላቱም አብሮ ይገለበጣል፣ በቁጥሩ የሚቀረጽ ግን እንደ መጀመሪያው ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ቀራጩም "ሊብሬ ይዘዋል?" ካላችሁ አትቆጡት። የጠበቀው የእናንተን መኪና ነው።