ዛፍ ከግንዱ ይጀመራል

ባቡር ጎንደር ደርሶ አያውቅም፤ የጅቡቲው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ በዚያው ቆሟል። ይሁን እንጂ በጠረጴዛ ላይ በሚዘረጋ የሐዲድ ሞዴል ትንሿን ባቡር ሊማሊሞን ሊያስወጣት የሚሻ ባለሙያ የሚከለክለው የለም። ግዴታው አንድ ነው፤ ዛፎቹ እንዳይዋሹ።

ሥራው የሚጀመረው ከግንዱ ነው። ቀጭን ሽቦ ይገመዳል፤ ጫፉ በቅርንጫፍ ይከፋፈላል፤ ኮላ ተቀብቶ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ይነሰነስበታል። ሁሉንም በአንድ ልክና በአንድ ቀለም ያቆመ ሰው ግን የዛፍ ሰልፍ እንጂ ጫካ አልሠራም። የወይራ ግንድ ይጠማዘዛል፤ ያረጀ ጽድ አናቱን ያሰፋል። ከቆላው ግራር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጣ አስታው ይቀበለዋል፤ ከዚያም በላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው ጅብራ በውርጩ መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የዚህ ሙያ ትምህርት ቤት ከደጅ ነው። ኮረብታውን ባሕር ዛፍ ሲወርሰው፣ ጽድና ወይራ እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ባሉ አጥቢያዎች ቅጥር ተጠልለዋል። ባለሙያው እዚያ ተቀምጦ ይመልከት። ዐይን ያላየውን ዛፍ እጅ አይሠራውም፤ የተረሳውንም ዛፍ የሚተክል አይገኝም።