የሞኔ ኩሬ በኡኬ

ኩሬ ሲባል በእኛ አገር ቶሎ የሚታሰበው የወባ ትንኝና የከብት መጠጫ ነው፤ ይልቁንም እንደ ኡኬ ባለ ሞቃት ስፍራ። ክሎድ ሞኔ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. ዢቬርኒ በተባለች መንደር ከቤቱ ማዶ መሬት ገዛ። ከወንዝ ቅርንጫፍ ውሃ ጠልፎ ኩሬ አበጀ፤ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አበባ ተከለበት፤ አረንጓዴ ድልድይም አሠራበት። በ1899 ድልድዩንና ኩሬውን ደጋግሞ ሣለ። በስተርጅና ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው እንኳ፥ በ1926 እስኪሞት ድረስ ከዚያ ኩሬ አልተለየም።

ከሥዕሎቹ የአንዱን ቅጂ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። ከሩቅ ሲያዩት ውሃ፥ ሲጠጉት የቀለም ጭረት ብቻ ሆነባቸው። «መምህር፥ አላለቀም እንዴ?» አለ አንዱ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ግን፥ «ከኩሬው በታች ያሉት ሰዎች ውሃ ከየት ይቀዳሉ?» ብላ ጠየቀች።

ክፍሉ ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም፤ የዢቬርኒ ሰዎችም በጊዜው ያሳሰባቸው ይኸው ነበርና። እንግዳው ተክል ውሃችንን ይመርዝብናል ብለው ተቃወሙ። ሞኔ ለአገረ ገዥው ጽፎ፥ አበባው ለዓይን ደስታና ለሥዕል ብቻ መሆኑን አስረዳ፤ ተፈቀደለትም።

ይህን ስነግራት አልረካችም። «ለእሱስ ዓይኑ ደስ አለው፤ ለእነሱስ?» አለች። በየማለዳው ጀሪካን ተሸክማ ወደ ምንጭ የምትወርድ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ለእኔ ሥዕሉ ከዚያ ወዲያ ይበልጥ አማረኝ እንጂ አልቀነሰብኝም።

ደወሉ ሲደወል ሌሎቹ ወጡ። እሷ ቅጂውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፥ ወንዙ የሚገባበትን በኩል ትፈልግ ነበር።