ቁጥሩ የማንን ልክ ነው የሚናገረው?

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እናት ለልጇ ምርቃት ቀሚስ ልትሰፋ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ የታተመ የወረቀት ፓተርን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዛች። ልጅቷ ፖስታው ላይ «16» የሚል ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ሱቅ የምትገዛው 6 ቁጥር ነው። ለመክሳት ብላ እራት መዝለል ከጀመረችም ከርማለች።

እናት ሜትሯን አውጥታ ለካቻት፤ ደረቷ 34 ኢንች። በዚያ ዘመን ፓተርን 34 ኢንች ማለት 16 ቁጥር ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የፓተርን አሳታሚዎች ልኬታቸውን ሲቀይሩ ያው 34 ኢንች 12 ተባለ። የሱቅ ልብስ ደግሞ ገዢን ደስ ለማሰኘት ቁጥሩን ከዚያም አወረደው። የተለወጠው ስሙ እንጂ ደረቱ አይደለም።

እናትየው ደህናውን ጨርቅ ወዲያው አልቆረጠችም። መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍታ አስለበሰቻት። ወገቡ ጠበበ፣ ትከሻው ሰፋ። እርማቱን ወረቀቱ ላይ በእርሳስ አሰፈረችና ከዚያ መቀሷን አነሳች።

«የኔ ልጅ፣ የምሰፋው ላንቺ ነው፤ ለቁጥሩ አይደለም» አለቻት።

ስለ ኑሮ ውድነትም፣ ስለ ፈተና ውጤትም ቁጥር ሲነገረን መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ይሁን፦ በየትኛው ሜትር ተለካ? ሜትሩንስ ማን ቀየረው?

ልጅቷ በዚያ ምሽት እራት በላች።